ከግራ ሦስተኛው

ጥቅምት 4 ቀን

አልዘጋሁብዎትም። ስልኩ ራሱ ነው የተዘጋው። ደሞ “ባለጌ” ያሉኝ ከመዘጋቱ በፊት ነው፣ ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ ስለ መዝጋቴ ሳይሆን ስለ ጠየቅኩት ነገር ነው የተሰደብኩት። የጠየቅኩት ደሞ ምንም ብልግና የለበትም። ስንት ዓመት ሙሉ ደውለው ስለ አባባ ጤና ሳይጠይቁ፣ ዛሬ ስለ ሜዳዩ ምን አስጠየቀዎት ነው ያልኩት። አሁንም እላለሁ።

እናቴ ከኋላዬ ቆማለች። ሰላምታ ሳታስቀድሚ ደብዳቤ የሚባል ነገር የለም እያለች ነው። እሺ። ለክብርት አክስቴ፣ ሰላምታዬ ከነባለቤትዎ፣ ከነልጆችዎ፣ ከነመድኃኒት ቤትዎ ይድረስዎ፤ እጅዎ የነካው ሁሉ ይባረክ፤ የሸጡት መድኃኒት ሁሉ ያድን። እኛ ደኅና ነን። “ደኅና ነን” የምትለውን እናቴ ናት ያስጻፈችኝ። አባባ ከአልጋ መውረድ ካቆመ ቆይቷል። እግሩ አብጧል፣ ሲያወራ መሀል ላይ ቆም ብሎ አየር ይፈልጋል፣ ከዚያ ካቆመበት ይቀጥላል። ቃል አይጠፋበትም።

በስልክ አይሆንም፣ የምታውቂውን ጽፈሽ ወረቀቱን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ ስላሉ ይኸው ጻፍኩ። የማውቀው ይሄን ያህል ነው። ትልቁና ትንሹ ወንድማማች ነበሩ። ትልቁ የርስዎ አያት፣ ትንሹ የአባባ አባት፣ ማለት የእናቴ አያት። ትልቁ ባሕር ተሻግሮ ዘምቶ ሰው አድኖ በጀግንነት ተሸለመ። ሜዳዩ እኛ ቤት ነው፣ አባባ የሚተኛበት የፊተኛው ክፍል ግድግዳ ላይ፣ ከቆጣሪው ጎን ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ከጀርባው የትልቁ ስም ተቀርጾበታል። ጥብጣቡ ቀለሙ ለቋል፤ አረንጓዴ ነበር አልነበረም እያልን እንከራከራለን። የትልቁ ሜዳይ የትንሹ ቤት ምን ይሠራል ብዬ በልጅነቴ ስጠይቅ አባባ “አደራ ነው” ይለኝ ነበር። ከዚያ ፊቱን ያዞራል። እኔም ወደ ጨዋታዬ እሄዳለሁ።

የፊቱንም የጀርባውንም ፎቶ ልኬያለሁ። ሳነሳው አባባ አየኝና ማን ፈለገው አለ። “አክስቴ ናት” አልኩት። “የማን ልጅ?” አለ፣ ነገርኩት። ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበ። ነገሩ ጥሩ አልመሰለኝም፣ ግን ሥራ ስለረፈደብኝ ወጣሁ።

ሥራ ያልኩት ጎሚስታ ነው። እናቴ እንዳትደብቅብኝ ብዬ ነው የጻፍኩት፤ ትምህርት ቤት ነች እያለች ታወራለች። ትምህርት ካቆምኩ ዓመት አልፎኛል። ዳስተር ወርውሬ አስተማሪ መታሁ የተባለው ውሸት ነው። የመታሁት ሰሌዳውን ነው፤ አስተማሪው ጎንበስ ባይል ኖሮ ግን አላውቅም።


ጥቅምት 11 ቀን

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? አያትሽ ጋሼስ እንዴት ዋሉ? እናትሽስ? ፈጣሪ በያላችሁበት ይጠብቅልኝ፤ ቤታችሁን ሰላም ያድርግልኝ። ስለ ተዘጋው ስልክም ስለ ወጣው ቃልም ይቅር እንባባል። ቁጣሽ የናትሽን ታላቅ እህት አስታወሰኝ። ልጅ ሆነን “ክብሪት” ነበር የምንላት፣ አንቺም እንግዲህ ክብሪት ነሽ።

የጠየቅሽኝ ጥያቄ መልስ ይገባዋል። እኔ በምኖርበት ከተማ ለዚያ ጦርነት ጀግኖች የድንጋይ ግድግዳ እየተሠራ ነው። ከየአገሩ መጥተው የተሸለሙ ሰዎች ስም ይቀረጽበታል። የአያቴን ስም ያቀረብኩት እኔ ነኝ፣ ተቀብለውታል። በኅዳር መጨረሻ ሲመረቅ ከቤተሰብ የምናገረውም እኔ ነኝ። ልጆቼ ከአሁኑ ልብስ አስለክተዋል። አባቴ በሕይወት ቢኖር እንዴት ይኮራ ነበር።

ታዲያ አንድ ነገር ቸግሮኛል። ከጦር ሙዚየሙ ፎቶግራፍ አግኝቻለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ወታደሮች ከአንድ መኪና ፊት ተሰልፈው ቆመዋል። ሥሩ ላይ ስማቸው በተራ ተጽፏል፣ ከግራ ሦስተኛው አያቴ ነው ይላል። እኔ ግን አያቴን አላገኘሁትም። የአያቴን መልክ አውቃለሁ፣ ጭኑ ላይ ነው ያደግኩት። ትከሻው ሰፊ፣ ግንባሩ ገላጣ ነው። ይሄ ሦስተኛው እጅጌው እስከ ክርኑ የተጠቀለለ ከሲታ ልጅ ነው። ከሌሎቹም መሀል ፈለግኩት፣ የለም። የጻፉት ሰዎች ተሳስተዋል ብዬ ማረሚያ ልጽፍላቸው ነው።

ከመጻፌ በፊት ጋሼ ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል። ከኔ በፊት የተወለዱ ናቸው፣ አያቴን በጎልማሳነቱ ያውቁታል። የትኛው እንደሆነ በጣታቸው ያሳዩሽና ንገሪኝ።

ስለ ትምህርትሽ የጻፍሽውን አንብቤ አዝኛለሁ። እሱን ለብቻው እናወራበታለን።

አክስትሽ


ጥቅምት 13 ቀን

ሰላም ለርስዎ ይሁን፣ ለቤትዎም። ዛሬ ከዚህ በላይ አይወጣኝም።

ፎቶው የደረሰኝ ሥራ ላይ እያለሁ ነው። አለቃችን ክሪክ ይባላል፤ ስሙ አይደለም፣ ሲናደድ እንደ መኪና ማንሻው ከወንበሩ ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ ስለሚነሳ ነው። የተበሳ የጎማ ካላማዳሪ ውኃ ውስጥ ነክሬ ቀዳዳውን ስፈልግ ስልኬ ጮኸ። እጄን ጠርጌ ከፈትኩት፣ ሦስተኛውን ሰው አጎላሁት። ክሪክ በትከሻዬ በኩል አጮልቆ አየና “አንቺ ደሞ መቼ ነው ወታደር የነበርሽው?” አለኝ።

ጆሮዬን አይተውት አያውቁም። ከጭንቅላቴ ወጥቶ እንደ በር ነው የተከፈተው። አባባም እንደዚያ ነው፣ እናቴም፣ ለዚህ ነው ፀጉሯን ጆሮዋ ላይ የምትጥለው። ሦስተኛው ሰውዬ ጆሮው የኛ ነው። አቋቋሙም የኛ ነው፤ አንድ እግሩ ላይ ተደግፎ፣ ሰው እየጠበቀ የሰለቸው ይመስላል። የርስዎ ወገን ጆሮ ከራስ ጋር የተለጠፈ ነው፤ የአባትዎ ፎቶ እኛ ጋ አለ።

ቤት ገብቼ ለአባባ ሰጠሁት። ስልኩን በሁለት እጁ ያዘው። ብርሃኑ ሲጠፋ እነካለታለሁ፣ ይበራል፣ ያያል፣ እንደገና ይጠፋል። እንዲህ ብዙ ቆየን። የትኛው ነው ትልቁ አልኩት። የለም አለ። ታዲያ ይሄ ማነው ስለው፣

“አባቴ ነው። ልብሱ የወንድሙ ልክ ነው፣ አይታይሽም?” አለኝ።

ከዚያ ነገረኝ። እኔ የምጽፈው እሱ እንዳለው ነው፤ አንድም አልጨመርኩም።

ለዘመቻው የተጠራው ትልቁ ነው። ሄዶ ተመረመረ፣ ልኩ ተወሰደ፣ ልብስና ጫማ ተሰጠው፣ መታወቂያ ያዘ። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች፣ እርግዝናው ክፉኛ አሟታል፣ አትተርፍም ተብሎ ነበር። መኪናው የሚነሳ ቀን ትልቁ ከሚስቱ አልጋ ሥር ተቀምጦ አልነሳ አለ። ትንሹ የወንድሙን ልብስ ለበሰ። እጅጌውን ጠቀለለ፣ ጫማው ውስጥ ጨርቅ ጎሰጎሰ፣ መታወቂያውን ይዞ ሄደ። ስም ሲጠራ የወንድሙን ስም ሰምቶ “አቤት” አለ። ያኔ በኔ ዕድሜ ነው። ዘመቻው እስኪያልቅ ማንም በራሱ ስም አልጠራውም። የቆሰሉትን ከእሳት ውስጥ አንድ ባንድ እየተሸከመ ያወጣውም፣ ደረቱ ላይ ሜዳይ የተሰካለትም እሱ ነው። የተነበበው ስም ግን የወንድሙ ነው። ያ እርግዝና ደሞ የርስዎ አባት ናቸው። እናትም ልጅም ተረፉ።

ሲመለስ የሁለቱ እናት ነገሩን ዘጉት። ከተወራ አንዱ ባለመሄዱ ይታሰራል፣ ሌላው በመዋሸቱ ይታሰራል፤ ሁለቱንም አላጣም አሉ። ሁለቱም እሺ አሉ። ትልቁ ሜዳዩን ለትንሹ ተወለት፣ የት ሄደ ብሎ ማንም አይጠይቅም ብሎ። ከዚያ የጀግና ልጆች እስከ መጨረሻው በነፃ ይማሩ ተባለ። በስሙ የርስዎ አባት ተማሩ፣ መሐንዲስ ሆኑ። አባባ አራተኛ ክፍል ላይ አቁሞ ሸክም ገባ። አባቱ አደራ ስላለው እስከ ዛሬ አልተነፈሰም። እናቴ እንኳ አሁን ነው አብራኝ የሰማችው። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ልብስ ታጥፍ ነበር፣ ማጠፏን አላቆመችም።

ተናደድክ ወይ አልኩት። አይደለም አለ። ታዲያ ምን ትፈልጋለህ፣ ድንጋዩ ላይ ስሙ እንዲቀየር ነው? ራሱን ነቀነቀ።

“ከነሱ ቤት አንድ ሰው አፍ አውጥቶ ‘አባትህ ነው’ ቢለኝ ይበቃኛል።”

ይኸው ነው። ይሄን ነው የሚጠብቀው። ጽፈው ልከውልኝ አነብለታለሁ እንዳልል፣ የኔን ድምፅ አይደለም የፈለገው።

እኔ ስሰማ እሳት የምሆን መስሎኝ ነበር። ምንም አልሆንኩም። ጎማ የምንለጥፍበት ማስቲሽ ጣት ላይ ሲደርቅ ቆዳው በድን ይሆናል፣ ቢቆነጥጡት አይሰማም። እንደዚያ ሆንኩ። በማግስቱ ገብቼ ስለጥፍ ዋልኩ።

ፎቶው ትክክል ነው። እንዳያርሙት።


ኅዳር 9 ቀን

ለውድ ልጄ፣

ሰላምና ጤና ከናንተ ጋር ይሁን። ጋሼን ፈጣሪ ይማርልኝ፣ ዕድሜያቸውን ያርዝምልኝ። መልስ ያዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ አንዷ ባልደረባዬ ወልዳ የሷንም ሥራ የምሸፍነው እኔ ነኝ።

የጋሼን መድኃኒቶች ፎቶ አይቻለሁ። ደብዳቤሽ ላይ አልነበረም፣ እናትሽ ናት የላከችልኝ፣ ተባረኪ በያት። ትንሿን ነጭ ክኒን ጠዋት ስጧቸው። ሽንት የምታበዛ ናት፣ ማታ ከሰጣችኋቸው እንቅልፍ አይኖራቸውም። ጨው ቀንሱላቸው። ሲተኙ ትራሱን ከፍ አድርጉት፣ እግራቸው ላይ ያለው እብጠት ወደ ላይ እየሄደ ከሆነ አትዘግዩ፣ ሐኪም ይያቸው። ያስሉ እንደሆነም ጻፊልኝ።

ስለ ጻፍሽልኝ ታሪክ፣ ልጄ፣ የታመመ ሰው ነገር ይምታታበታል። በሥራዬ በየቀኑ የማየው ነው። አየር ሲያጥር ጭንቅላትም ይደክማል፤ የሰሙትንና ያዩትን፣ የአባታቸውንና የአጎታቸውን ያቀላቅላሉ። ብዙ አታስወሪያቸው። ደግሞስ ቢሆን ባይሆን ምን ይለውጣል? ሁለቱም አልፈዋል፤ አንድ ደም ነን፤ ድንጋዩ ላይ የሚቀረጸው ሁላችንንም ያኮራል። የማረሚያውን ነገር ትቼዋለሁ።

አሁን የምጠይቅሽ ሌላ ነው። ለምረቃው ሜዳዩ ራሱ ቢኖር ጥሩ ነው ብለውኛል። የባለቤቴ ጓደኛ እናንተ ጋ ነው ያለው፣ በቅርቡ ይመለሳል። ቁጥሩን ለእናትሽ ልኬላታለሁ፣ አደራ ስጡልኝ።

ለትምህርትሽም አስቤበታለሁ። ጎሚስታ ያንቺ ቦታ አይደለም። እስክትጨርሺ ድረስ እኔ እችልሻለሁ። ጥሩ የግል ትምህርት ቤት ፈልጊና ንገሪኝ።

አክስትሽ


ኅዳር 10 ቀን

አልተምታታበትም። የተምታታበት ቢሆንማ ደስ ባለኝ፣ ተኝቼ አድር ነበር። ዛሬ ጠዋት መርፌ ሊወጋው የመጣውን ነርስ “ባለፈው ግራዬን ነው የወጋኸኝ፣ ዛሬ ቀኙ ተራው ነው” አለው። ነርሱ ራሱ ነው የረሳው።

ይቅርታ፣ ሰላምታ። ሰላም ይሁኑ። ባልደረባዎንም እንኳን ማርያም ማረቻት። አባባ ያስላል።

ለትምህርት ቤት እከፍላለሁ ስላሉ አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም። በኛ ቤት አንዴ ስም ተሰጥቶ ሌላ ሰው ተምሯል፣ አሁን ደሞ ዝም ተብሎ እኔ ልማር? ያኛው ይሻል ነበር፣ ቢያንስ ወንድሙን ወዶ ነው። እናቴ ይሄን አትጻፊ ብላ ወረቀቱን ልትቀማኝ ነበር፣ ደረጃው ላይ ወጥቼ ጨረስኩት። ጎሚስታ ቦታዬ አይደለም ላሉት ደሞ፣ ዛሬ ብቻዬን የከባድ መኪና ጎማ ከቸርኬው አውጥቼ መልሻለሁ። ክሪክ ቆሞ አየኝ። ሳይናደድ ሲቆም ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

አንድ ደም ነን ብለዋል። ታዲያ አንድ ደም ከሆንን ሁለት ቃል መናገር ለምን ይከብዳል? ሌላ ምን ጠየቀ? ይሰረዝ አላለም፣ ይካሰኝ አላለም። እኔ ብሆን ግድግዳውን አፈርሰዋለሁ፤ እሱ ግን እኔ አይደለም።

አሁን የሚያናድደኝን ልንገርዎ። የደብዳቤዎን የሜዳዩን ክፍል ለእናቴ ሳነብላት ሰማ። “ስጧቸው” አለ። አንሰጥም አልኩ። ጮህኩ ልበልዎ፣ ጎረቤት ወጣ። እጁን ወደ ሚስማሩ ዘርግቶ ይጠብቀኝ ጀመር። አውርጄ ሰጠሁት። በአንሶላው ጫፍ ጠረገው፣ መልሶ ሰጠኝ። የባለቤትዎን ጓደኛ ሆቴሉ በር ላይ አግኝቼ አስረክቤዋለሁ። ሰውየው በፖስታ ልክተተው አለ፣ እኔ በካልሲ ጠቅልዬ ነው የሰጠሁት፤ ካልሲው ንጹሕ ነው።

ምንም ሳይጠይቅ ነው የሰጠዎት። እኔ ግን እጠይቃለሁ፤ መቼ ይደውሉለታል?


ኅዳር 27 ቀን

ልጄ፣

ሜዳዩ ደርሶኛል። ከባድ ይመስለኝ ነበር፣ ቀላል ነው። ጋሼን እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ምረቃው ነገ ነው። ድንጋዩ ተቀርጿል፣ ሄጄ አይቼዋለሁ። ስሙ ከታች ነው፣ ለመንካት ጎንበስ ማለት ይፈልጋል። ንግግሬን ጽፌ ጨርሻለሁ።

ትንሿ ልጄ ትናንት ፎቶግራፉን ጠረጴዛ ላይ አገኘችው። ሦስተኛውን ሰው በጣቷ ነክታ ይሄ ማነው አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ከዚያ ጀምሮ ቁጭ ብዬ ላወራሽ አስቤ እተዋለሁ፣ ሥራ ላይም መድኃኒት እየቆጠርኩ ይጠፋብኛል፣ እንደገና እጀምራለሁ።

እደውላለሁ ብዬ ስልኩን ይዤ ቁጥራችሁን አውጥቼ ዘጋሁት። ምን እላቸዋለሁ? ይሄን ያህል ዓመት ደውዬ ሳልጠይቃቸው፣ በአባታቸው ሜዳይ አባቴ ተምሮ፣ እኔ በሱ ላይ ተምሬ፣ በምን አፌ ነው የምጀምረው? ሰላም በይልኝ። ከምረቃው በኋላ፣ ነገሩ ከተረጋጋ በኋላ በደንብ አስቤ እጽፍላቸዋለሁ። ሳሉ እንዴት ሆነ?

አክስትሽ


ኅዳር 27 ቀን፣ ከሰዓት

አክስቴ፣ ሰላምታውን እንዳደረስኩ ይቁጠሩልኝ።

ከምረቃው በኋላ የሚባል የለም። ነርሱ ጠዋት መጥቶ እናቴን ወደ ኮሪደሩ ጠራት። እኔ በሩ ሥር ቆሜ ሰማሁ። ውኃው ሳንባው ላይ ወጥቷል፣ ከዚህ ወዲያ መውጋት ማሰቃየት ነው፣ ዘመድ ካለ ይምጣ አላት። ሌሊቱን የሚያልፍ አይመስለኝም አለ። እናቴ እሺ አለች፤ ሻይ ልታፈላለት ገባች፤ ውኃውን ጥዳ እሳቱን ሳታበራ ቆመች። ሄጄ አበራሁላት። ሁለታችንም አላለቀስንም። ማልቀስ አለብን መሰለኝ፣ ግን አልመጣም።

አሁን ነቅቷል። ትራሱን ሦስት አድርገንለት ቁጭ ብሏል። ቀን ላይ ያውቀናል፣ ይቀልዳልም፤ ቅድም ክሪክ ሊጠይቀው መጥቶ “እግርዎ እንዴት ነው” ቢለው፣ “ና ንፋሱን አውጣልኝ፣ ሥራህ አይደል” አለው። ሲመሽ ግን ይጠፋበታል። ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ከመሸ እናቴን እንኳ በእናቱ ስም ነው የሚጠራት። ያኔ ቢደውሉ ማን እንደሆኑ አይገባውም፤ የተናገሩት አየር ላይ ይቀራል።

ደብዳቤዎን አላነበብኩለትም። “ዘመዳችን ጻፈች?” አለኝ። “ትደውላለች” አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት፣ እርስዎ አላሉም፤ ይስደቡኝ ከፈለጉ። ከዚያ ጀምሮ ሸሚዙን ለውጡልኝ አለ፣ በስልክ የሚያዩት መስሎት ነው። ነጩን አለበስነው። እስከ አንገቱ ቆልፎ በሩን ሳይሆን ስልኩን እያየ ነው።

ምን እላለሁ አሉ። በምን አፌ አሉ። በዚያው በሰደቡኝ አፍ ይሆናል፣ ምንም አይደለም፣ እሱ አይመርጥም። ንግግር አይጻፉለት። ይቅርታ አይጠይቁት፣ እሱን አልጠየቀም፤ ብዙ ካወሩ ይደክመዋል። ስለ ክኒኑ አያንሱ። ሰላም ይበሉት፣ ማን እንደሆኑ ይንገሩት፣ ፎቶውን አየሁት ይበሉት፣ ከዚያ “ከግራ ሦስተኛው አባትዎ ናቸው” ይበሉት። በቃ። ሊያለቅሱ ከሆነ ከዘጉ በኋላ ያልቅሱ።

ነገ እዚያ ግድግዳ ሥር ቆመው የሚሉትን ይበሉ። ስለሱ እኔ አያገባኝም፣ ዛሬ አያገባኝም።

በእናቴ ስልክ ይደውሉ፣ ቁጥሩ አለዎት። በቀኝ ጆሮው ነው የሚሰማው፣ እኔ እይዝለታለሁ። እርስዎ ጋ ስንት ሰዓት እንደሆነ አላውቅም፣ ሥራ ላይ ከሆኑ መድኃኒት የሚጠብቅ ሰው ትንሽ ይቆይ። እዚህ ፀሐይ አሁን ከአልጋው ወርዳ ወለሉ ላይ ናት። ይሄን ወረቀት ፎቶ አንስቼ እንደላክሁ ስልኩን አጠገቡ አስቀምጬ እቀመጣለሁ።

እንዳይጽፉልኝ። ሳይመሽ ይደውሉ።